በቆዳ የሚጠረዝ ማስታወሻ ደብተር በእጅ አሠራር፦ ያለ ማሽን፣ ያለ ኮላ

ደብተሬን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በምን ማሽን ነው የተሰፋው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ኮላውስ የቱ ነው?» ይመጣል። አቦ ማሽንም የለ፣ ኮላም የለ! ቆዳ፣ ወረቀት፣ ክርና መርፌ ነው በቃ። ወረቀቱንና ቆዳውን አንድ ላይ የሚይዘው ስፌቱ ነው። ስፌቱ የሚያምረው ደግሞ ከሱ በፊት ያለው ልኬት ከተስተካከለ ነው። ጥያቄው ስለበዛብኝ አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ቆዳ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የምንሠራው ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ደብተር ነው። ገጹ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ነው፤ ኤ6 የሚባለው። 160 ገጽ ይኖረዋል። ሽፋኑ ልስልስ ያለ ቆዳ ሲሆን ከኋላ ተነስቶ ፊቱ ላይ የሚታጠፍ ክዳን አለው፣ በቆዳ ጠፍርም ይታሰራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየምን ያያችሁ በድሮ መጻሕፍት ላይ እንዲህ ዓይነት ክዳን ሳታዩ አልቀራችሁም። ክዳኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራና ከመታጠፍ ያድናል። በተለይ ለድሬ አቧራ ግድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 20 ኤ4 ወረቀት፣ 80 ግራም። አምስት ስድስት ትርፍ ያዙ፣ ይበላሻል።
- ቆዳ፣ ቢያንስ 32 በ18 ሴንቲ፣ ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ። ለጠፍሩ የሚሆን ቁራጭም ጨምሩ።
- ወፍራም ክር፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፤ ክሩን እጥፍ አድርጋችሁ የምትሰፉ ከሆነ የዚህን እጥፍ።
- የንብ ሰም።
- ሁለት መርፌ፤ አንዱ ቢሰበር ሥራ እንዳይቆም።
- ወስፌ። ስፌት የሚሰፉ እናቶች የሚጠቀሙበት ቀጭኑ ወስፌ ይበቃል።
- ካተር ከአዲስ ምላጭ ጋር።
- የብረት ማስመሪያ። ፕላስቲኩን ካተሩ ይበላዋል፣ ከዚያ መስመራችሁ ይጣመማል።
- እርሳስ፣ ወፍራም ካርቶን፣ አራት የወረቀት ክሊፕ፣ የብረት ማንኪያ።
- ሁለት ጣውላና ከላይ የሚጫን ከባድ ነገር፤ ጡብ በጋዜጣ ተጠቅልሎም ይሆናል።

ድሬ ያላችሁ እቃውን ጠዋት ግዙ። እኩለ ቀን ላይ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፣ ያልተዘጋውም ባለቤቱ በርጫ ላይ ነው።

ስለ ቆዳው

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ቆዳ ላይ ነው።

ጫማና ቀበቶ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሂዱና ትራፊ ቁራጭ ጠይቁ። ለዚህች ደብተር ሙሉ ቆዳ መግዛት አያስፈልግም። ሌላው ምንጭ ሳልባጅ ተራ ነው፤ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ወይም ጃኬት ፈልጉ። ድሬ ላይ የቆዳ ጃኬት ካገኛችሁ ደህና አድርጋችሁ ተከራከሩ፣ በዚያ ሙቀት ሌላ ፈላጊ የለውም። የጃኬት ቆዳ ግን ስስ ነው። ስሱን እንዴት እንደምትጠቀሙበት ተራ ቁጥር 6 ላይ አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጡት። ጀርባው ላይ የተሸመነ ጨርቅ ካያችሁ ቆዳ አይደለም፣ ሰው ሠራሽ ነው። ጀርባው ለስለስ ያለ ጸጉር ነገር ካለው ቆዳ ነው። ሰው ሠራሹን የማልመክረው ስለሚያስጠላ አይደለም፤ ተደጋግሞ ሲታጠፍ ላዩ ይላጣል፣ የመርፌው ቀዳዳም እየሰፋ ይቀደዳል። አንዳንድ ሻጭ ላይተር አውጥቶ ያቃጥልላችኋል። እሱ ምንም አያረጋግጥም፤ እውነተኛው ቆዳም ላዩ ላይ የሚቃጠል ቀለም አለው።

ቀጥሎ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። ውስጡ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ካደላ በክሮም የለፋ ነው። ይሄ ልስልስ ይላል፣ ውሃም ብዙም አያስፈራውም፣ ግን አጥፋችሁ ብትጫኑት እጥፋቱን አይዝም። ውስጡ ድረስ ቡናማ ከሆነ በአብዛኛው በዕፅዋት የለፋ ነው። ይሄኛው ጠንከር ይላል፣ እጥፋትና ጌጥ ይይዛል፣ የውሃ ጠብታ ግን ምልክት ይተውበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ይሆናሉ።

በመጨረሻ እጠፉትና እጥፋቱን በጣት እሹት። ከተሰነጣጠቀ ተዉት፣ ደርቋል። ያልለፋ ጥሬ ቆዳ በርካሽ ከቀረበላችሁም አትንኩ፤ ይሸታል፣ ይደርቃል፣ ነፍሳት ይበላዋል።

ስለ ክሩ

ተራው የልብስ ክር ስስ ስለሆነ ስታጠብቁት ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል። ሐረር ያላችሁ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ለጂንስ የሚሆን ወፍራም ክር ጠይቁና እጥፍ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። የጫማ ሰፊዎቹ ናይለን ክርም ጠንካራ ነው፣ ግን ያንሸራትታል፤ ቋጠሮው ሁለት ሳይሆን ሦስት ጊዜ ይሁን።

የትኛውም ይሁን ሰም ቀቡት። ክሩን ሰሙ ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ተጫኑና ጎትቱ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ሰም የተቀባ ክር አይጠላለፍም፣ ቋጠሮም ይይዛል። የንብ ሰም ካጣችሁ ከንብ ሰም የተሠራ ጧፍ ያገለግላል። የሱቅ ሻማ ግን አይሆንም፣ ክሩ ላይ ደርቆ ይፈረፈራል።

አሠራር

1. የወረቀቱን አቅጣጫ ለዩ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከዚያ ደብተሩ ለምን ተዘርግቶ አልቀመጥ እንዳለው ግራ ይገባዋል።

ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቃጫዎቹ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ከሄደ በቀላሉ ይታጠፋል። ቃጫውን ካቋረጠ ግን እጥፋቱ ይሰነጣጠቃል፣ ገጹም ተገልጦ አይተኛም፣ ሽቅብ ይቆማል።

ለማወቅ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች አገናኙና ሳታጥፉ መሃሉን በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን በሉ። ከዚያ አጫጭሮቹን አገናኝታችሁ እንደዚያው አድርጉ። ረጃጅሞቹ ሲገናኙ ከቀለላችሁ ቃጫው በቁመቱ ነው የተኛው። ገበያ ላይ ያለው ኤ4 በአብዛኛው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ኤ4ን መሃል ለመሃል አንዴ ብታጥፉት ቃጫውን አቋረጣችሁ ማለት ነው። ለሁለት ቆርጣችሁ ግማሹን ስታጥፉ ግን እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ይሄዳል። ትንሿን ደብተር የመረጥኩት ለዚህ ነው። ትልቅ ካልሆነ የምትሉ ኤ3 ግዙ፣ ያንኑ ሙከራ አድርጉ፣ ቃጫው በቁመቱ ከሆነ ለሁለት ቆርጣችሁ እጠፉት።

2. ቁረጡና እጠፉ

20ውን ኤ4 መሃል ለመሃል ቁረጡ፤ 40 ግማሽ ወረቀት ይወጣል። የወረቀት መቁረጫ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በአንድ ደቂቃ ይጨርስላችኋል፤ በካተር ከማበላሸት ይሻላል።

እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው እጠፉ። ጠርዞቹን አገጣጥሙ፣ እጥፋቱን መጀመሪያ በጣት ከዚያ በማንኪያ ጀርባ አንዴ ተጭናችሁ ሂዱበት። ማንኪያው ወረቀቱን እንዳያንጸባርቀው በመሃል ሌላ ወረቀት አድርጉ። ከዚያ ስምንት ስምንቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰካኩ። ይሄ አንድ ጥራዝ ነው። አምስት ጥራዝ ይኖራችኋል።

ስምንቱን አንድ ላይ ደርቦ ማጠፍ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። እጥፋቱ ግን ድቡልቡል ይሆናል፣ በኋላም መርፌው መሃሉን ይስታል።

«ለምን አምስት ወፍራም ጥራዝ? አሥር ቀጭን አይሻልም?» የሚልም አይጠፋም። እያንዳንዱ ጥራዝ በቆዳው ወገብ ላይ፣ ማለትም በፊትና በኋላ ሽፋን መሃል ባለው ጠባብ ክፍል ላይ፣ የራሱ የቀዳዳ መስመር ይፈልጋል። መስመሩ ከበዛ ቀዳዳዎቹ ይቀራረቡና ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቀዶ ይወጣል።

3. ጫኑት፣ አሳድሩት

አምስቱን ጥራዞች ደርቡ፤ ግማሾቹን እጥፋታቸውን ወደ ግራ፣ ግማሾቹን ወደ ቀኝ አድርጉ፣ አለበለዚያ ክምሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በሁለት ጣውላ መሃል አድርጋችሁ ጡቡን ጫኑበት። ይደር።

ማሳደሩ ቅንጦት አይደለም። አዲስ የታጠፈ ወረቀት ውስጡ አየር አለው። በዚያ ሰዓት የለካችሁት ውፍረት ነገ ይቀንሳል፤ ሽፋኑም ሰፍቶ ወረቀቱ ውስጡ ይዋልላል። ሐረር ክረምት ላይ ወረቀት እርጥበት ስለሚስብ ሁለት ሌሊት ብትሰጡት ጥሩ ነው።

ጠዋት ከጡቡ ሥር ስታወጡት የስምንቱ ወረቀት ጫፍ እኩል አለመሆኑን ታያላችሁ፤ የውስጦቹ አንድ ሚሊ ያህል ወጣ ይላሉ። ካስጠላችሁ ማስመሪያ አስደግፋችሁ በካተር አስተካክሉት። እኔ አልነካውም።

4. ጥራዞቹን ብሱ

ከካርቶን 14.8 ሴንቲ ርዝመት ያለው መለኪያ ቁረጡ። ከጫፉ ጀምራችሁ 1.5፣ 5.4፣ 9.4 እና 13.3 ሴንቲ ላይ ምልክት አድርጉ። አራት ቀዳዳ ማለት ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ እንዳይሆን፤ ክሩ ጥራዙን ጨርሶ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፣ ጎዶሎ ከሆነ ውስጥ ይቀርባችኋል።

ጥራዙን መሃሉ ላይ ክፈቱት። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገልጣችሁ ጥራዙን መሃሉ ላይ አስቀምጡ፤ እጥፋቱ መጽሐፉ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። መለኪያውን አድርጋችሁ በወስፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ብሱ። ወስፌው ዘንበል ካለ ከእጥፋቱ ጎን ይወጣል፣ ያ ገጽ ደግሞ ቀድሞ የሚቀደደው ነው። የምትወዱት መጽሐፍ አይሁን፣ ይበሳል።

እያንዳንዱን ጥራዝ ስትጨርሱ ላይኛው ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጉ። ስትሰፉ ላይና ታቹ ከተገለበጠ ቀዳዳዎቹ በአንድ ሚሊ ይሳሳታሉ፣ ደብተሩም ከላይ ደረጃ ደረጃ ይሠራል።

5. ቆዳውን ለኩና ቁረጡ

አምስቱን ጥራዞች አሰልፉ፣ በእጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ወገባቸውን ለኩ። 1.2 ሴንቲ አካባቢ ይሆናል። የእናንተ 1 ወይም 1.4 ከሆነ የእናንተን ተከተሉ፣ የኔን አይደለም።

የሽፋኑ ቁመት 15.4 ሴንቲ ነው፤ ከገጹ ከላይም ከታችም 3 ሚሊ ይተርፋል። ወርዱ እንዲህ ይደመራል፦ የፊት ሽፋን 10.9፣ ወገብ 1.2፣ የኋላ ሽፋን 10.9፣ ክዳን 7። ድምሩ 30 ሴንቲ። ከክዳኑ 7 ሴንቲ 1.2ው የደብተሩን ውፍረት ለመዞር ይሄዳል፤ ይሄን የሚረሳ ሰው ክዳኑ አጥሮበት ይናደዳል።

ቆዳውን ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ አንጥፉትና በእርሳስ ሥሩ። ጀርባው ሲታይ ከግራ ወደ ቀኝ ቅደም ተከተሉ ፊት፣ ወገብ፣ ኋላ፣ ክዳን ነው። ከገለበጣችሁት ደብተሩ በቀኝ የሚከፈት ይሆናል። ዓረብኛ ለሚጽፍ ሰው ከሆነ እንደዚያው ይሁን፣ እሱ ልክ ነው።

ካተሩን ጎትታችሁ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትሞክሩ። ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ሂዱበት። ቆዳ ይለጠጣል፤ በኃይል ስትቆርጡት እየሸሸ መስመሩን ያጣምማል።

ጥንቃቄ፦ ማስመሪያውን የያዘው እጃችሁ ጣት ከጠርዙ ወጣ አይበል። ካተሩ ሲንሸራተት ሁልጊዜ ወደዚያ ነው የሚሄደው። የደነዘ ምላጭ ከስለታሙ የበለጠ ያቆስላል፣ ምክንያቱም ኃይል ትጨምሩበታላችሁ።

6. የቆዳውን ወገብ ብሱ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ በሉ።

ከወረቀት 1.2 በ15.4 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ ቁረጡ። አምስት የቁመት መስመር ሥሩበት፤ የመሃሉ ልክ መሃል፣ ሌሎቹ በ2.2 ሚሊ ልዩነት ግራና ቀኝ። አሁን የቀዳዳዎቹን ከፍታ ምልክት አድርጉ፦ 1.8፣ 5.7፣ 9.7፣ 13.6። ከጥራዙ ቁጥሮች ጋር አንድ እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ሽፋኑ ከላይ 3 ሚሊ ስለሚበልጥ ሁሉም በ3 ሚሊ ወርደዋል። የጥራዙን መለኪያ እንዳለ ቆዳው ላይ ያደረገ ሰው ወረቀቱ ከላይ ከሽፋኑ ጋር እኩል ሆኖ ከታች ባዶ ይቀርበታል።

ወረቀቱን ከወገቡ ጋር አገጣጥሙ፣ በክሊፕ ያዙ፣ ከሥር ጣውላ አድርጉና 20ውን ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳው መርፌው ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት ያህል ብቻ ይሁን። ወስፌውን እስከ ውፍረቱ ድረስ አትንዱት። ቆዳውን እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ደግሞ በፍጹም አትብሱ፤ ወስፌ መዳፍ በስቶ ያልፋል።

የጃኬት ቆዳ የያዛችሁ፦ ከዚያው ቆዳ 3 በ15.4 ሴንቲ ቁረጡና ወገቡ ላይ ከውስጥ ደርቡት፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ብሱ። እንዳይንሸራተት ዳርና ዳሩን በማስቲሽ ነካ ማድረግ ይቻላል። የማስቲሽ ሽታ ጭንቅላት ይመታል፣ በቀላሉም እሳት ይይዛል። መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል የተቀጣጠለበት ቤት ውስጥ አታውጡት። ድሬ ላይ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ጥቂት ጥቂት ቀቡ።

7. ጠፍሩን አዘጋጁ

ይሄ ቆዳው ገና ዝርግ እያለ ይሠራ፤ ከተሰፋ በኋላ ያስቸግራል።

ጠፍሩ ግማሽ ሴንቲ ስፋትና 65 ሴንቲ ያህል ርዝመት ይኑረው፤ ደብተሩን ሁለቴ ዞሮ ጫፉ የሚሸጎጥበት ይተርፋል። ይህን ያህል ረጅም ቁራጭ ከሌላችሁ አታስቡ። የመዳፍ ያህል ክብ ቁራጭ ውሰዱና ከዳር ጀምራችሁ እየዞራችሁ ወደ መሃል ቁረጡ። ረጅም ጥምዝምዝ ጠፍር ይወጣል። ውሃ ነካ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ለጠጥ ለጠጥ አድርጉት፣ አንዱን ጫፍ ከባድ ነገር ሥር አስገቡና ሌላውን ክብደት አስራችሁ አንጠልጥሉት። ሲደርቅ ቀጥ ይላል። ስትቆርጡ ስፋቱን እኩል ጠብቁ፣ የሳሳበት ቦታ ላይ ይበጠሳል።

ክዳኑ መሃል ላይ፣ ከጠርዙ 1.5 ሴንቲ ገባ ብላችሁ ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ቁረጡ፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 6 ሚሊ፣ በመሃላቸው አንድ ሴንቲ። ከመቁረጣችሁ በፊት የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በወስፌ ብሱ፣ ከዚያ በካተር አገናኟቸው። ክብ ቀዳዳ ላይ ያለቀ ስንጥቅ አይቀደድም፣ ሹል ሆኖ ያለቀ ግን ጠፍሩ በተጎተተ ቁጥር ይሄዳል። ጠፍሩን በአንዱ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ በሌላው አውጡ፣ ውስጥ የቀረውን ጫፍ ቋጥሩት።

8. ስፉ

1.3 ሜትር ክር ቁረጡ፣ ሰም ቀቡ። ክሩን እጥፍ የምትጠቀሙ ሰም ከመቀባታችሁ በፊት 2.6 ሜትር ቁረጡ። የመርፌው ጫፍ ሹል ከሆነ ሞረድ ላይ ትንሽ አሹት። ቀዳዳው ተበስቷል፣ ሹል አያስፈልግም፤ ሹል መርፌ ቀድሞ ያለፈውን ክር ይወጋና ይሰነጥቀዋል።

ከፊት ሽፋን አጠገብ ያለውን መስመር አንደኛ እንበለው፣ ከላይ ያለውን ቀዳዳ ደግሞ ቁጥር 1፣ የታችኛውን ቁጥር 4።

ሀ. አንደኛውን ጥራዝ ቦታው ላይ አድርጉና በክሊፕ ያዙ። መርፌውን ከውጭ በቀዳዳ 1 አስገቡ፤ ቆዳውንም ጥራዙንም ያልፋል። 15 ሴንቲ ክር ውጭ ይቅር።

ለ. ውስጥ ለውስጥ ወርዳችሁ በቀዳዳ 2 ወደ ውጭ አውጡ። በውጭ ወርዳችሁ በ3 አስገቡ። ውስጥ ለውስጥ ሄዳችሁ በ4 አውጡ። ከውጭ የሚታየው በ2 እና በ3 መሃል ያለ አንድ ረጅም ስፌት ብቻ ነው። ጌጡም እሱ ነው።

ሐ. ሁለተኛውን ጥራዝ አምጡ። በሁለተኛው መስመር ቀዳዳ 4 ከውጭ አስገቡና ወደ ላይ ውጡ፦ በ3 አውጡ፣ በ2 አስገቡ፣ በ1 አውጡ። አሁን መርፌው ያለው መጀመሪያ ከተረፈው ክር አጠገብ ነው። ሁለቱንም አጥብቃችሁ ሁለቴ ቋጥሩ። የተረፈውን ጫፍ በአንደኛው መስመር ቀዳዳ 1 ወደ ውስጥ መልሱና አንድ ሴንቲ አስቀርታችሁ ቁረጡ።

መ. ሦስተኛው ጥራዝ ከላይ ወደ ታች፣ አራተኛው ከታች ወደ ላይ፣ አምስተኛው ከላይ ወደ ታች። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ስትጨርሱ መርፌው ታች ይወጣል፣ አራተኛውን ስትጨርሱ ላይ። በእነዚህ ቦታዎች ወደሚቀጥለው ከማለፋችሁ በፊት መርፌውን ቀደም ሲል ሁለት መስመሮችን ባገናኘችው አጭር ስፌት ሥር አሳልፉት። ጥራዞቹ ጫፋቸው ላይ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ካልሆነ ደብተሩ ሲከፈት በመሃላቸው ክፍተት ይታያል።

ሠ. አምስተኛው መጨረሻ ላይ አጭሯን ስፌት ከያዛችሁ በኋላ በዚያው ቀዳዳ 4 ወደ ውስጥ ተመለሱ። ውስጥ ባለው ስፌት ዙሪያ ሁለቴ ቋጥሩ፣ ቁረጡ።

አሁን ስለ መጎተት። ክሩን የምታጠብቁት በእጥፋቱ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየጎተታችሁ ነው። ወደ ራሳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ወረቀቱ ይቀደዳል፤ አንድ ሳብ ይበቃዋል። እያንዳንዱን ጥራዝ ስትጨርሱ አጥብቁ። «መጨረሻ ላይ አንድ ላይ አጠብቀዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ሰም የተቀባ ክር ሦስት ጥራዝ አልፎ አይጎተትም። በጣም ማጥበቅም ጥሩ አይደለም፣ የቆዳው ወገብ ይሸበሸባል። ስፌቱ ቆዳው ላይ ተኝቶ በጥፍር ሲነካ የማይነሳ ከሆነ ልክ ነው።

መሃል ላይ ክር ካለቀባችሁ ቋጠሮው ጥራዙ ውስጥ እንጂ ውጭ እንዳይሆን አድርጋችሁ ቀጥሉ።

9. አጠናቁ

ደብተሩን ዝጉ፣ ክዳኑን መልሱ፣ በጠፍሩ እሰሩና ለአንድ ሌሊት ከጡቡ ሥር አስገቡት። ቆዳው የሚታጠፍበትን ቦታ ይለምዳል። በዕፅዋት የለፋ ከሆነ እጥፋቶቹን ከውስጥ በኩል እርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጉባቸው፤ ወረቀቱ እርጥበት እንዳይነካው በመሃል ፌስታል አስገቡ።

ለማወዛት ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት በጨርቅ በስሱ ቀቡና ወልውሉ። ባለቀለሙ እጅና ሸሚዝ ያበላሻል። የምግብ ዘይትና ቅቤም ይቅርባችሁ፤ መጀመሪያ ያምራል፣ ሲሰነብት ይሸታል፣ ወደ ገጾቹም ዘልቆ ያቆሽሻል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ደብተሩ ሲዘጋ አፉን ከከፈተ፣ ወይ ወገቡ ሳይጫን ተለክቷል ወይ ስፌቱ ላልቷል። ወገቡን በእጅ ነካክታችሁ ጥራዞቹ ወዲያ ወዲህ ካሉ ስፌቱ ነው፤ ፈታችሁ እንደገና ስፉት፣ ቀዳዳው ይጠብቃችኋል። የማይነቃነቁ ከሆነ ወረቀቱ ነው፣ ሁለት ሌሊት ይጫን።

በሁለት ቀዳዳዎች መሃል ቆዳው ከተቀደደ ያንን ሽፋን ለማዳን ከውስጥ 3 ሴንቲ ስፋት ያለው የቆዳ ቁራጭ ደርባችሁ እንደገና ብሱ። መስመሮቹን ግን ከአምስት ወደ አራት ቀንሱ፤ ጥራዙም አራት ይሆናል።

ሐረር ያላችሁ ለቆዳው ብዙም አትጨነቁ። ድሬ ያላችሁ ግን መኪና ውስጥ መስታወቱ ሥር አትተዉት፤ ፀሐዩ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ሰሙንም ከክሩ ላይ ያቀልጠዋል።

ገጾቹ ሲያልቁ ሽፋኑን አትጣሉ። ውስጥ ያለውን ክር በካተር ጫፍ በጥሱ፣ ጥራዞቹን አውጡና አምስት አዲስ አዘጋጅታችሁ በዚያው ቀዳዳ ስፉ። ስለዚህ የካርቶን መለኪያውን አስቀምጡት፤ አንደኛው ጫፍ ላይ «ላይ» ብላችሁ ጻፉበት፣ የወገቡንም ልኬት ጀርባው ላይ አስፍሩ። አዲሶቹ ጥራዞች ከዚያ ልኬት ከወፈሩ ከእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ቀንሱ።